ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ ያለው ቁጥር

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ በርበሬ መቀንጠስ ነበር። በረንዳችን ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግተን፣ የደረቀውን በርበሬ መሀላችን ከምረን፣ እሱ በርጩማ ላይ እኔ መሬት ላይ ተቀምጠን ጭራ ጭራውን እንቀነጥሳለን። በእኛ አገር ወንድ በርበሬ ሲቀነጥስ ከታየ ሚስቱ አንድ ነገር አስነክታዋለች ይባላል። ባሌ ይበልጣል ግን ግድ የለውም። ጎረቤት በአጥር ላይ አይቶ ሲስቅበት፣ «ያስነካችኝ ጥሩ ነገር ነው፤ ለሚስትህ ላስልክልህ?» ይለዋል። እጁ እንዳይለበለብ ላስቲክ በጣቶቹ ላይ ያስራል፤ ከዚያ ይረሳውና በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል፤ ከዚያ ይጮኻል፤ ከዚያ እኔ እስቃለሁ። ያን ቀንም አሸ፣ ጮኸ፣ ሳቅሁ። ግማሹ ሲቀር መሸብንና ከረጢቱን ጠቅልለን ወደ ቤት አስገባነው።

«የቀረውን ነገ ከፍኖተ ሰላም ስንመለስ እጨርሰዋለሁ፤ አንቺ እንዳትነኪው» አለኝ።

ያን ጊዜ እኔ ቡሬ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ይበልጣል ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተምራል። ጠመኔ ሲነካ የኖረ ሰው ነው፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የጠመኔ ስብርባሪ አለ። ልቡን ያመው ነበር። ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ግድግዳ ያነባል፤ ግድግዳው ላይ የሚነበብ ነገር ባይኖርም።

ወደ ፍኖተ ሰላም የምንሄደው ለሁለት ጉዳይ ነበር። አንደኛው የልብ ሐኪም ቀጠሮ ነው። ሐኪሙ ከሌላ ከተማ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው የይበልጣል ተማሪዎች ምዝገባ ነው። በአካባቢያችን የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ መሄጃ የለውም። ወንዱ ከብት ይጠብቃል፣ ሴቷ ትዳራለች፤ በቃ። ባሕር ዳር ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ግን ከየገጠሩ ልጆች አወዳድሮ እቀበላለሁ ብሎ ነበር። መመዝገቢያው በኢንተርኔት ብቻ ነው። የይበልጣል ተማሪዎች ከአቅማቸው በላይ ተዘጋጅተው ነበር፤ እሱም ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር በእግሩ እየሄደ ሲያስተምራቸው ከርሟል። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያች ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ቀድመን እንዳንሄድ እስከ ዋዜማው መንገድ ዝግ ነበር። በስልክ እንዳይሞላ የስልክ ዳታ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ስልካችን የሚያገለግለው ለመደወልና አጭር መልእክት ለመላክ ብቻ ነው። የሽቦ ኢንተርኔት ያለውና ለመምህራን የተፈቀደው ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። የማልጽፈው ፈርቼ አይደለም። ስሙን ብጽፈው አንድ ቤት ብቻ ይመስላችኋል።

ከሚኒባስ ወርደን በጠዋት ደረስን። የኢንተርኔቱ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ይበልጣል መሀል ደረጃ ላይ ቆሞ ግድግዳ አነበበ፤ እኔም አብሬው አነበብኩ። ስንወጣ በሩ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፕላስተሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ የወረቀቱን ጫፍ ዝንብ አበላሽቶታል።

«ምነው፣ ሲስተም የለም እንዴ?» አልኳት በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት።

«እሱን አይዩት እትዬ» አለችኝ፤ «ወረቀቱ ሲስተም ሲኖርም አለ።»

ውስጥ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ከባለሥልጣን ቢሮ የመጡ የሚመስሉ ሦስት ሰዎች ወንበር አቀራርበው ኳስ ያያሉ። ባለሙያው ሄኖክ የሚባል ወጣት ነው፤ በአንድ ጆሮው ሙዚቃ ይሰማል፣ በሌላው እኛን።

ይበልጣል አድራሻውን ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። ከአድራሻው መጨረሻ ሁለት ነጥብ፣ ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ 8443 የሚል ቁጥር ነበር። ሄኖክ ጻፈው። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ አንዲት ክብ ነገር ብቻ ትሽከረከራለች። እየተሽከረከረች ቆየችና መገናኘት አልተቻለም አለች።

«ቲቸር፣ ሳይቱ ዳውን ነው» አለ ሄኖክ።

«ልጄ፣ መራዊ የሚያስተምር ጓደኛዬ ዛሬ ጠዋት አስመዝግቧል።»

«እንግዲህ ከጠዋት ወዲህ ወድቋል።»

ይበልጣል እዚያው ቆሞ ለመራዊው ጓደኛው ደወለ። ጓደኛው ድምፁ ከስልኩ አልፎ እስከ እኛ ይሰማል፦ «ኧረ አሁንም እያስገባሁ ነው! ምን ነካህ፣ እስካሁን አልጀመርክም?»

ሄኖክ የጆሮውን ነገር ነቀለ። አድራሻውን እንደገና አየው። «እ... ፖርቱ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የኢንተርኔት አድራሻ እንደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ነው። ፖርት የሚሉት ቁጥር ደግሞ የክፍሉ ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ሌላ ካልተነገረው በቀር የሚያንኳኳው ሁለት የታወቁ ክፍሎችን ነው፤ 80ንና 443ን። አንዳንዱ አገልግሎት ግን በሌላ ክፍል ይቀመጥና ቁጥሩን ከሁለት ነጥብ በኋላ ይጽፍላችኋል። ፋየርዎል የሚሉት ዘበኛ ያንን ቁጥር ካላወቀው እናንተን ከግቢያችሁ አያስወጣችሁም። አገልግሎቱ በሕይወት አለ፤ እናንተ ግን የሞተ ይመስላችኋል።

«እኛ ጋ የሚያልፉት እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው» አለ ሄኖክ። «ሥልጠና ላይ እንደዛ ነው ያሳዩን። ሌላው ሁሉ ብሎክ ነው።»

«ታዲያ ይቺን አንዷን ክፈትልን» አለ ይበልጣል።

«እኔ? አለቃ ሳያዝ አልነካም። ቁጥሩን አጥፍተን እንሞክር?»

አጥፍተው ሞከሩ። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያና የግቢው ፎቶግራፍ መጣ፤ መመዝገቢያው ግን የለም። በመስኮቱ በኩል እንጀራ እንደማየት ነው።

ከኋላችን ግብ ገብቶ ሦስቱ ሰዎች ጮኹ።

«እስቲ ልጠይቅህ» አልኩት ሄኖክን፤ «ኳሱ በስንት ቁጥር ነው የሚገባው?»

«በ443።»

«በጆሮህ የምትሰማውስ?»

«እሱም» አለና ሳቀ።

«እንግዲህ የተከለከለው የልጆቹ ስም ብቻ ነው።»

«ማዘር ደግሞ፣ የተከለከለው ቁጥሩ ነው እንጂ ስማቸውን ማን አወቀው!»

እውነቱን ነው። ስማቸውን ማንም አላወቀውም። ይህን ያለው በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክፉ ቢሆን ኖሮ አከብረው ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

ኃላፊው አቶ አንማው ቢሮ ገባን። አቶ አንማው ከጠረጴዛው ኋላ ሳይነሳ እጁን ሰጠን። ጠረጴዛው ላይ የተዘጋ ላፕቶፕ፣ በላፕቶፑ ላይ የውኃ ኮዳ አለ። ይበልጣል ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉዳዩን ከመነሻው አስረዳ። ያን ያህል ዝቅ ብሎ ሲናገር አይቼው አላውቅም ነበር። አቶ አንማው በትዕግሥት የሰማ መሰለ።

«መምህር፣ ደኅንነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?» አለ።

«ባውቅም ይንገሩኝ ጌታዬ።»

«ፖርት ከፈትን ማለት በር ከፈትን ማለት ነው። በር ከተከፈተ ማን እንደሚገባ አይታወቅም።»

«ጌታዬ፣ እኛ እንውጣ አልን እንጂ ማንም ይግባ አላልንም። ከዚህ ተነሥተን የምንሄድ እኛ ነን።»

«መውጫም ያው በር ነው!» አለ አቶ አንማው፤ ብልህ ነገር እንደተናገረ ሰው ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «ከወረዳችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ። ከዚያ ኮሚቴው ያየዋል።»

«ምዝገባው እኮ ዛሬ አመሻሽ ላይ ይዘጋል።»

«እንግዲህ ቀደም ብሎ መምጣት ነበረ።»

«መንገድ ዝግ ነበር።»

«እሱንም በደብዳቤው ላይ ይጥቀሱት» አለ።

ወጣን። ይበልጣል ግን ወደ ደረጃው አልሄደም። ከአቶ አንማው በር ትይዩ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ በሩን ተመለከተ። ምን እያደረገ እንደሆነ ገባኝ። ደጅ መጥናቱ ነው።

ደጅ መጥናት እኛ ዘንድ ሙያ ነው። አባቱ ለመሬት ክርክር ከሹም ደጅ ተቀምጠው ከርመዋል፤ አያቱም እንዲሁ። ሹሙ ሲገባ መነሣት፣ ሲወጣ መነሣት፣ አለመናገር፣ መታየት ብቻ። ሹሙ አንድ ቀን ይሰለቻል ወይም ይራራል፤ ሁለቱም ያው ነው። ይበልጣል ክፍልፋይና እኩልታ የሚያስተምር፣ በየጥያቄው «እንዴት ታወቀ? አሳየኝ» የሚል ሰው ነው፤ አጥንቱ ውስጥ ግን አባቱ ተቀምጠው ነበር። ፋየርዎልም ደጅ ሲጠኑት የሚራራ መሰለው።

«ለትርንጎ ደውልላት» አልኩት አጠገቡ ተቀምጬ።

ትርንጎ የጥንት ተማሪው ናት። የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ገጽ ሠርታ የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ከማስታወቂያው ግርጌ ስሟን ሲያይ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቶ ነበር። ስልኳም ስልኩ ውስጥ አለ፤ በየበዓሉ እየደወለች እንኳን አደረሰዎት ትለዋለች።

«ምን ብዬ?» አለኝ ተቆጥቶ። «መምህርሽ አንድ ገጽ መክፈት አቃተው ብዬ? የራሴን ተማሪ ልለምን?»

«አሁን የምትለምነው ማንን ነው?»

«ይሄ ሹም ነው። ሹም ይለመናል።»

ይህን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። አንድ ገጽ የመክፈት ሥልጣን ቢኖረውም ላፕቶፑን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ፊት ባርኔጣ ማውለቅ አላሳፈረውም። ያስተማራት ልጅ «ምን ልርዳዎት?» እንድትለው መፍቀድ ግን አሳፈረው። ብዙዎቻችሁ ስታነቡት ትስቁ ይሆናል። በሳቃችሁ መሀል እናንተ ዘንድ ያለውን አግዳሚ አስታውሱ።

አቶ አንማው ወጣ፤ ይበልጣል ተነሣ። አቶ አንማው ተመለሰ፤ ይበልጣል ተነሣ። አንዴ ለስብሰባ፣ አንዴ ለሽንት፣ አንዴ እንዲያው ኮሪደሩን ለማየት ነው የወጣው። ይበልጣል ሲነሣ በአንድ እጁ አግዳሚውን ይደገፋል። የግራ ክንዱን ያሻል። ግንባሩ ላብ አወጣ፤ ዓይኑም ውኃ አቀረረ።

«ምን ሆነሃል?»

«የትናንቱ በርበሬ ነው» አለ።

የሐኪሙ ቀጠሮ ሰዓት ደረሰ። «ተነሥ፣ ሐኪሙ ዘንድ ደርሰን እንመለስ» አልኩት።

«እኛ በሌለንበት ሰዓት ቢጠራንስ?»

«ሐኪሙስ ቢሄድ?»

«ሐኪሙ ሳምንት ይመጣል። ምዝገባው ሳምንት የለም።»

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ «ጎትተሽ አትወስጂውም ነበር?» ይለኛል። ይህን የሚጠይቀኝ ይበልጣልን የማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቁት አይጠይቁም፤ የሚያውቁት ያለቅሳሉ።

ለምሳ ሰው ሁሉ ወጣ። እኛ ዳቦ ተካፍለን በላን፤ እሱ ቁራሹን ቆርሶ ኪሱ ከተተው። አቶ አንማው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተመለሰ። ይበልጣል ተነሣ፤ አነሣሡ ቀስ ያለ ነበር።

«አሁንም አሉ?» አለ አቶ አንማው።

«አለሁ ጌታዬ» አለ ባሌ።

ያቺን «ጌታዬ» ሰማኋት። ጠዋትም ብሏታል፤ ጠዋት ግን ጉልበት ነበራት። አሁን የተናገረበት ድምፅ የሌላ ሰው ነው፤ አባቱ የተናገሩበት ድምፅ ነው። እጄን ወደ ኮቱ ኪስ ከተትኩ። በጠመኔው ስብርባሪ መሀል ስልኩን አወጣሁ።

«ወዴት ነሽ?»

«ሽንት ቤት።»

ደረጃውን ወርጄ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ቆሜ ደወልኩ።

«እንዴት ዋሉ መምህር!» አለች ትርንጎ ገና ሳልናገር።

«መምህር አይደሉም፣ ሚስታቸው ነኝ። ዘውዴ ነኝ።»

«እትዬ ዘውዴ! ደህና ናቸው? ምነው?»

ነገርኳት። ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ ስላለው ቁጥር፣ ስለ ሄኖክ፣ ስለ አቶ አንማው፣ ስለ አግዳሚው። መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን አቋረጠች።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ናቸው? መምህር? አግዳሚ ላይ?»

«አዎ።»

«ኧረ በስመ ሥላሴ! ለምን ቀድመው አልደወሉልኝም? የነሱ ፖርት መከፈት አያስፈልገውም እኮ። እነሱ ወደሚያሳልፉት ቁጥር እኔ ልምጣላቸው እንጂ። 443 ላይ ያለው የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ነው። እዚያው ላይ አንድ መንገድ እጨምርና፣ በዚያ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ በውስጥ በኩል ወደ መመዝገቢያው እንዲያሻግር አደርገዋለሁ። ለእነሱ ኳስ እንደማየት ነው የሚሆንባቸው፤ ዘበኛቸው አያውቀውም። አዲሱን አድራሻ በመልእክት እልክልዎታለሁ፤ ቁጥርም የለውም፣ ሁለት ነጥብም የለውም።»

«ብዙ ሥራ ነው?»

«ምን ብዙ አለው እትዬ! ሻይ ሳይበርድ ያልቃል።»

ከአጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ያን ቀን ሙሉ የጠበቅነውን ያህል ግን አልጠበቅሁም። መልእክቱ መጣ።

ስመለስ ይበልጣል እንደ ተቀመጠ ነው። ስልኩን አሳየሁት። አነበበው፣ መነጽሩን ጠራርጎ ደግሞ አነበበው።

«ደወልሽላት?»

«ደወልኩላት።»

«አሳፈርሽኝ» አለ። ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ፣ «ምን አለች?»

«ለምን ቀድመው አልደወሉልኝም አለች።»

ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገ፤ ጠዋት ካወለቀው ወዲህ መልሶ ያደረገው ያኔ ነው። ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ቀደመኝ።

ሄኖክ አዲሱን አድራሻ ጻፈ። ክቧ ነገር እንኳ አልተሽከረከረችም፤ መመዝገቢያው ፊታችን ቁጭ አለ። «ኦ! እንዲህም ይቻላል እንዴ?» አለ ሄኖክ። ፋየርዎሉን የሚጠብቅ ሰው ነው ይህን የሚጠይቀው። ወንበሩን ለቀቀልኝ። ይበልጣል ስሞቹን፣ የእናት የአባታቸውን ስምና ውጤታቸውን ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ስማቸውን በቃሉ ነው የሚያውቀው። በየስሙ መሀል አንድ አንድ ነገር ይጨምራል፤ «ይቺ ጅብ ካልፈራች በቀር የምትፈራው የለም»፣ «ይሄ ሲያስብ ምላሱን ያወጣል»፣ «የዚህ እናት ዕንቁላል ይዛልኝ መጥታ መልሻታለሁ»። ሁሉም ሲገቡና ማያ ገጹ ላይ ምዝገባው ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ጽሑፍ ሲመጣ መስኮቱ ገና ብርሃን ነበረው።

አቶ አንማው በሩ ላይ ብቅ አለ። ምን እንደሆነ ሄኖክን ጠየቀው፤ ሄኖክ «ሠራ» አለው። ያለው ይኸው ብቻ ነው።

«አያችሁ» አለ አቶ አንማው፤ «ሲታገሡ ሲስተም ይመጣል!»

ይበልጣልም ተነሥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

ዛሬም ድረስ ዓይኔ ላይ ያለው ሞቱ አይደለም። ያ ጎንበስ ማለቱ ነው።

ሐኪሙ ሄዶ ነበር። የመጨረሻውን የቡሬ ሚኒባስ አገኘን። ኋላ ወንበር ላይ፣ እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን። ከከተማ ስንወጣ ፀሐይ የበቆሎ ማሳው ላይ ተጋድማ ነበር።

«ድምፅዋ ደህና ነው?» አለኝ።

«የማን?»

«የትርንጎ።»

«ደህና ነው። ደስተኛ ናት።»

«ክፍልፋይ አይገባትም ነበር እኮ» አለና ሳቀ። «እያለቀሰች ነበር የምታካፍለው።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ሁሉም ገቡ አይደል?»

«ሁሉም ገቡ።»

«በርበሬውን አልነካሽውም?»

«መቼ ልንካው? አንተው ጋር አይደል የዋልኩት።»

«በጄ። ማታ እጨርሰዋለሁ።»

ራሱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እኔም የደከመው መስሎኝ ትከሻዬን አመቻቸሁለት። ትንፋሹ አንገቴን ይነካኝ ነበር። ከዚያ አልነካኝም።

አልጮኽኩም። ብጮኽ ሾፌሩ መኪናውን ያቆማል፤ ሬሳ አልጭንም ብሎ ከመንገድ ያወርደናል ብዬ ፈራሁ። እዚያ ማሳ ዳር፣ አፈር ላይ እንዲቀመጥ አልፈለግኩም። ያን ቀን በቂ ተቀምጧል። ክንዴን ከጀርባው አዙሬ ቀና አድርጌ ያዝኩት፤ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋሁለት።

«ፋዘርን እንቅልፍ ጣላቸው» አለ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ።

«ደክሞታል» አልኩ።

ፍተሻ ደረስን። ሁሉም ይውረድ ተባለ። ሰው ወረደ፤ እኔ አልተነቃነቅሁም። አንድ ወጣት ፈታሽ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«እናት፣ ውረዱ።»

«ባለቤቴ ታመዋል። መውረድ አይችሉም።»

አየው። አየኝ። የእጄን አያያዝ ያየ ይመስለኛል። «ይቅሩ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እግዜር ያድርስዎት።» ያን ቀን ያለ ደብዳቤ ያሳለፈን ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቡሬ በራችን ድረስ አመጣሁት። ከዚያ በኋላ ጮኽኩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን እነ አቶ አንማው በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጡ። ከድንኳኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አቶ አንማው ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መምህር ይበልጣል በመጨረሻዋ ቀናቸው በመሥሪያ ቤታችን ተገኝተው የተማሪዎቻቸውን ጉዳይ በስኬት አጠናቀዋል፣ በራችንም ለመምህራን ሁሌም ክፍት ነው ብሎ ተናገረ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ተነሣሁ።

«አቶ አንማው» አልኩት፤ «አግዳሚው እንዴት ነው?»

«የቱ አግዳሚ?» አለ።

አላስታወሰውም። ጠልቶን ወይም ንቆን አልነበረም። አላየንም። ይበልጣል ሲነሣ ሲቀመጥ የዋለለት ሰው ከግድግዳው ለይቶ አላየውም ነበር። እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአቶ አንማው ቁጣ እንኳ አላባከንኩም፤ ቁጣ ለሰው ነው።

ትርንጎም ከባሕር ዳር መጥታ ነበር። ቡሬ ሳትደርስ ከመኪና ወርዳ በእግሯ እያለቀሰች ገባች። ሁሉም ሲሄዱ እሷ ቀረች። ገብታ ከረጢቱን አየችው፤ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። አልነካችውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ስለ ፋየርዎል እንዳትከራከሩኝ። ዘበኛ ያስፈልጋል ትሉኛላችሁ፤ እኔም ያስፈልጋል እላለሁ። የሌባ በር ይዘጋ። ነገር ግን ዘግቶ ማንን እንደዘጋ የማያውቅ ሰው ዘበኛ አይደለም፤ ግንድ ነው። በግንድ ፊት ባርኔጣ አይወለቅም። ይዞራል፣ ይታለፋል፣ መንገድ ይፈለጋል። እኛ ግን ግንዱ ፊት ተቀምጠን ይራራልናል እንላለን፤ «ሲስተም የለም» ሲባል ዝናብ መጣ እንደተባለ ጥላ እንፈልጋለን። ዝናብስ ከሰማይ ነው። ይሄን የዘጋው ስም ያለው፣ ደመወዝ የሚበላ፣ ምሳውን በልቶ ጥርሱን የሚጎረጉር ሰው ነው።

ደግሞ ይህችንም ስሙ። መንገዱ ያለው ካሳደጋችኋቸው ልጆች እጅ ከሆነ፣ አትፈሩ፣ ጠይቋቸው። ይበልጣል ያስተማራት ለዚያች ቀን ነበር። የዘራውን ለማጨድ አፈረ።

ከልጆቹ ብዙዎቹ አልፈው ገቡ። ያቺ ጅብ ብቻ የምትፈራዋ ከእነሱ አንዷ ናት።

አሁን ይበልጣል ያስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ልጆች የምመዘግበው እኔ ነኝ። ምዝገባው ሲከፈት ስማቸውን ይዤ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ፤ ቁጥር ያለው አድራሻ ከገጠመኝ ደረጃውን ሳልወጣ ለትርንጎ እደውላለሁ። አግዳሚው ላይ አልቀመጥም። ወደ ቤቴ ስመለስ በረንዳው ላይ በርጩማውን አወጣለሁ፤ በጣቶቼ ላይ ላስቲክ አስሬ የዓመቱን በርበሬ ለብቻዬ እቀነጥሳለሁ።